ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ

ደብዳቤው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በዚህ ዓምድ የሰው ጉዳይ ሳነብ ሻይ እየጠጣሁ ስስቅ ነበር። አሁን ተራው የእኔ ሆኗል።

34 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ የሰፈር ልጅ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ገላን ጉራ የገባ አለ፣ ሌላ ቦታ የተከራየም አለ። እኔ አራት ኪሎ አንድ ማተሚያ ቤት ስለምሠራ መሀል ከተማውን አልለቀቅኩም። ኳስ ሲኖር ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ኳስ ቤት እንገናኛለን። ስድስት ሰባት እንሆናለን። ከነሱ አንዱ አብሮ አደጌ ነው። አንድ ግቢ ነው ያደግነው። እናቱን «እማዬ» ነው የምላት። የራሴ እናት ከሞተች ወዲህ ደግሞ ሌላ እማዬ የለኝም።

ይህ ልጅ የሰፈራችን አጥቂ ነበር። 19 ዓመቱ ላይ አንድ ክለብ ለሙከራ ጠራው። «ብቻዬን አልሄድም» ብሎ እኔን ይዞኝ ሄደ። መስመሩ ጋ ቆሜ አየሁ። ከበረኛው ጋር ለብቻው ተገናኝቶ ሳተ። አልወሰዱትም። ለሰፈር ልጆች «እግሬን አሞኝ ነበር» ነው ያለው። ዛሬ ራይድ ይሠራል።

ኅዳር 4 ቀን 2018 ማታ ናይጄሪያና ጋቦን ራባት ላይ ለዓለም ዋንጫው ፕሌይ ኦፍ ተጫወቱ። አይተውት ይሆናል። አኮር አዳምስ በ78ኛው ደቂቃ ለናይጄሪያ አገባ። 89ኛው ላይ የጋቦኑ ሌሚና አቻ አደረገ። በባከነው ሰዓት የናይጄሪያው አጥቂ ኦሲሜን በረኛውን ብቻ አግኝቶ ኳሷን ወደ ውጪ ላካት! ከዚያ ወደ ተጨማሪ 30 ደቂቃ ተሄደ፣ ኤጁኬ አንድ፣ ኦሲሜን ራሱ ሁለት አገቡ፣ 4 ለ 1 አለቀ። እኔ በነገራችን ላይ ናይጄሪያ ታሸንፋለች ብዬ የውርርድ ቲኬት ቆርጬ ነበር፤ በሱ መሳት ተቃጠለብኝ። 500 ብር ብቻ ነው፣ ዋናው እሱ አይደለም።

ጨዋታው እንዳለቀ ክርክር ተነሳ። እኔ «ይሄ አጥቂ አይባልም፣ ያቺን የሳተ ሰው» አልኩ። ጓደኛዬ «ሁለት አግብቶ? ምን ያድርግልህ?» አለ። እኔ ስጮህ እሱ ረጋ ብሎ ይመልሳል። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ። በመጨረሻ እንዲህ አልኩት፦ «አንተ ለሳተ ብትከራከር አይገርመኝም። አንተም ያኔ ባዶ ጎል ስተህ አይደል መሪ ስትጠመዝዝ የቀረኸው!»

ቤቱ በሳቅ አለቀ። እሱ ፈገግ እንደማለት አለና ማኪያቶውን ጨለጠ። ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። በኋላ ልከፍል ስል አስተናጋጇ «ያንተም ተከፍሏል» አለችኝ።

እሁድ ዕለት ናይጄሪያ በዲሞክራቲክ ኮንጎ ስትሸነፍ በረዶውን ልስበር ብዬ በቴሌግራም «ኦሲሜንህ ተሸኘ» ብዬ ላክሁለት። ሁለት ራይት ሆኗል። መልስ የለም። ኅዳር 12 ሚካኤል እማዬ በየዓመቱ ትዘክራለች፤ ዘንድሮ አፍሬ ቀረሁ። ማታ ደውላ «ምነው ልጄ? ዳቦህን አስቀምጬልሃለሁ» አለችኝ። የሆነውን አታውቅም።

ሰው ልላክ? ለእማዬ ልንገራት? ወይስ ጊዜ ይፍታው ብዬ ልተወው? እውነት በኳስ ምክንያት የ30 ዓመት ጓደኝነት ይበላሻል?

አፌ የጣለኝ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

ወንድሜ፣

መጀመሪያ ኳሱን እንጨርሰው፤ እሱ ቀላሉ ነው። ጨዋታውን እኔም አይቼዋለሁ። ኦሲሜን ያቺን ኳስ መሳት አልነበረበትም። ናፖሊ በ2023 የጣሊያን ሻምፒዮን ሲሆን 26 ጎል ያገባ፣ በዚያው ዓመት የአፍሪካ ኮከብ ተብሎ የተሸለመ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አጥቂ በዚያ ሰዓት በረኛ ብቻ ሲቀረው ጨዋታውን መጨረስ አለበት። ስለዚህ አንተ ልክ ነህ። ደግሞ ያንን ስቶ አንገቱን ደፍቶ አልቀረም። በ102ኛውና በ110ኛው ደቂቃ አገባ። ሳምንቱም ለናይጄሪያዎች ደህና አልነበረም። ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት ያልተከፈለን ገንዘብ አለ ብለው ልምምድ አቁመው ነበር። ስለዚህ ጓደኛህም ልክ ነው። ልክ የሆኑ ሁለት ሰዎች እስኪነጋ ቢከራከሩ ችግር የለውም፤ ኳስ ቤት የሚያምረውም ለዚህ ነው። የተቀያየማችሁት በዚህ አይደለም።

ደብዳቤህ ውስጥ «በነገራችን ላይ» ብለህ ያለፍካት ነገር አለች። ቲኬቷ። «500 ብር ብቻ» ብለሃል። ይህቺ «ብቻ» ትንሽ አሳሰበችኝ። እንደዚህ ያለ ቲኬት የሚታየው በ90 ደቂቃውና በባከነው ሰዓት ውጤት ነው፤ ተጨማሪው 30 ደቂቃ አይቆጠርም። ስለዚህ ላንተ ጨዋታው 1 ለ 1 ነው ያለቀው። ጓደኛህ 4 ለ 1 ያሸነፈ ቡድን አይቶ ደስ ብሎታል። አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ ተሸንፈሃል። ኦሲሜን ሁለቱን ሲያስቆጥር እሱ ሲጨበጭብ አንተ ምን አደረግክ? ገምቼ ነው እንጂ አላውቅም፤ ግን ስልክህን አውጥተህ የተቃጠለውን ቲኬት ደግመህ ሳታይ አልቀረህም። የሚያበሳጨው ደግሞ መሸነፍህን ማንም አለማወቁ ነው። ጓደኛህ ስለ ቲኬቱ ያውቃል? ከደብዳቤህ እንደገባኝ አያውቅም። ታዲያ ያን ያህል የጮህክበትን ምክንያት ከየት ያምጣ?

ስለ ውርርዱ ምክር አልጠየቅከኝም፤ አልሰጥህምም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልተውልህና መልሱን ለራስህ ያዘው። ያቺ ቲኬት የዚያ ሳምንት ስንተኛዋ ነበረች?

ወደ ዋናው ልመለስ። «ባዶ ጎል ስተህ» ስትለው ሰዎቹ ለምን ሳቁ? ቀልዱ አዲስ ስለሆነባቸው ነው። እሱ እኮ «እግሬን አሞኝ ነበር» ብሎ ነው የነገራቸው። ያቺን ኳስ ሲስት ከነሱ መካከል ያየው አንተ ብቻ ነህ። «ብቻዬን አልሄድም» ብሎ ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ አንተን መርጦ የወሰደህም እሱ ነው። አሥራ ምናምን ዓመት የያዝክለትን ነገር በአንድ ማኪያቶ ዕድሜ ለስድስት ሰው በተንከው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ከስድቡ ይበልጥ ይሄ ነበር የሚያመኝ። «መሪ ስትጠመዝዝ» የምትለዋም ቀላል አይደለችም። በዚያ መሪ ነው እማዬን የሚጦረው። የሚካኤል ዳቦ ዱቄት የተገዛውም ከዚያው ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ ልገምት፤ ከተሳሳትኩ ተወው። ኦሲሜን ሌጎስ ውስጥ ከትልቁ የኦሉሶሱን ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ያደገ፣ የመኪና ጭንቅንቅ መሀል እየሮጠ ውሃ የሸጠ ልጅ ነው። የኳስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጓደኛህም ሳያውቀው አይቀርም። ቀኑን ሙሉ እዚያው ጭንቅንቅ ውስጥ መሪ ይዞ የሚውል ሰው ይህን ልጅ የሚያይበት ዓይን ካንተም ከእኔም ሊለይ ይችላል። በዚያ ላይ ያ ሰው ስቶ ሌላ 30 ደቂቃ ተሰጠው። ጓደኛህን ያን ቀን ክለቡ ሌላ 30 ደቂቃ ሰጥቶት ነበር? ምናልባት ረጋ ብሎ ሲመልስልህ የነበረው ስለ ናይጄሪያ አልነበረም።

በዚህ በኩል እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ጥቅምት 4 ቀን 2005ን ታስታውሳለህ። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተን፣ አዲስ አበባ ስታዲየም አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አግብተው፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት ቀን። ከተማው እንዳለ መንገድ ላይ ወጣ። እኛ ቤት ሳላዲን ቅዱስ ሊባል ምንም አልቀረውም። ሦስት ወር ቆይቶ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። መታት፣ በረኛው ምዊኔ አዳናት። ወንድሜ ያለውን እዚህ ብጽፈው አይታተምም። እኔም ከወንድሜ አልተሻልኩም። ቆይቶ አዳነ አቻ ሲያደርገን ነው ቤቱ የበረደው። ግን ሳላዲን አልሰማንም። የሰደብነው በቴሌቪዥን ነው። ያንተ ጓደኛ ክርኑ ክርንህን እየነካው ነበር የተቀመጠው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አስተናጋጇ ያለችህን ጽፈህልኝ፣ ስትሰማ ምን እንደተሰማህ ግን አልጻፍክም። እኔ ሁለት ዓይነት አነበብኩት። አንደኛው «ከእንግዲህ የምንተሳሰበው የለም» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ የልማድ ነው፤ ዘወትር አብሮ የሚከፍል ሰው ሲናደድም እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። የቱ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ምናልባት እሱም አያውቀውም። ስለዚህ ትርጉሙን አንተ አትወስንለት። ብሩንም በቴሌብር መልሰህ እንዳትልክለት፣ አደራ። እሱን ካደረግክ እውነትም ሂሳብ ዘጋህ ማለት ነው።

የቴሌግራሙ መልእክት አላማረኝም። ገብቶኛል፣ ለመታረቅ ነው የላክኸው። ወንዶች ስትባሉ «ይቅርታ» ከማለት ሙድ መያዝ ይቀላችኋል። ግን አስበው፤ ያን እሁድ ኦሲሜን ተጎድቶ ከዕረፍት በኋላ አልተመለሰም፣ ናይጄሪያም 1 ለ 1 ወጥታ በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 3 ነው የወደቀችው። «ኦሲሜንህ ተሸኘ» ስትለው በእሱ በኩል የሚነበበው «አሁንም እየሳቅኩብህ ነው» ተብሎ ነው። አታጥፋው፣ አታብራራው፣ ሌላም አትጨምርበት። በጽሑፍ የሚሆን ነገር አይደለም።

«ጊዜ ይፍታው» ያልከውን ብዙ አሰብኩበት። ድሮ ቢሆን እሺ እልህ ነበር። አንድ ግቢ ስትኖሩ እኮ ብትኳረፉም ጠዋት በአንድ በር ነው የምትወጡት። ውሃ ስትቀዱ ትገናኛላችሁ። ሱቅ ደጃፍ አንዱ «ኧረ ተው» ይላችኋል። እማዬ አንድ ሳህን ላይ ታስቀምጣችሁና ነገሩ ያበቃል። ያን ጊዜ የሚያስታርቀው ጊዜው ይመስለን ነበር፤ ለካ ግቢው ነው። አሁን አንተ አራት ኪሎ፣ እሱ የት እንደዋለ አይታወቅ። ካልፈለጋችሁ በስተቀር የምትገናኙበት ምክንያት የለም። ያለቻችሁ ያቺ ኳስ ቤት ብቻ ናት፤ እሱም አሁን እዚያ ለመግባት እግሩ ይከብደዋል። ስለዚህ አትጠብቅ።

ሰው መላኩን ለጊዜው አቆየው። ሽማግሌ የሚላከው በር ሲዘጋ ነው፤ አንተ ገና አላንኳኳህም። እማዬንም በዚህ መሀል አታስገባት። እሷ ከሰማች ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ሁለታችሁንም ጠርታ ታስተቃቅፋለች፣ እሱም ለእሷ ሲል ይስምሃል። ሆዱ ውስጥ ያለው ግን እንዳለ ይቀራል። ደግሞ እሱ እስካሁን አልነገራትም፤ አንተን ከእሷ ፊት ማዋረድ አልፈለገም ማለት ነው። ይሄን ልብ ብለኸዋል?

ዝም ግን አትበላት። ዛሬ ደውልላትና «እማዬ፣ የቀረሁት ጥፋት ስላለብኝ ነው፤ አስተካክዬ እመጣለሁ፣ አትጠይቂኝ» በላት። እሷ መጠየቋ አይቀርም፤ አንተ አትመልስ።

ከዚያ ለእሱ ደውል። ጠዋትና ማታ ሥራ ላይ ስለሚሆን ከምሳ በኋላ ሞክረው። «የት ነህ? አሥር ደቂቃ ላግኝህ» በቃ። ኳስ ቤቷ አይሁን። መኪናውን ባቆመበት ሂድና ጎኑ ተቀመጥ። ይሄን የምልህ በምክንያት ነው፤ ፊት ለፊት ተያይቶ መናገር የሚከብድ ነገር ሁለታችሁም ወደ መንገዱ እያያችሁ ሲሆን ይቀላል። እንደ ደንበኛ በራይድ ጠርቼው ልግባ የሚል ሐሳብ መጥቶብህ ከሆነ ግን ተወው። ፊልም ላይ ያምራል፤ እሱ ግን ሥራ ላይ ነው።

ምን ልበለው ካልክ፣ ቃሉ ያንተ ይሁን እንጂ እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምለው፦ «ያን ቀን የተናገርኩት ነውር ነው። አንተ ለማንም ያልነገርከውን፣ አምነህ ወስደህ ያሳየኸኝን ነገር ሰው መሀል አወጣሁት። ሥራህንም ሰደብኩ። ይቅርታ አድርግልኝ።» እዚህ ላይ ዝም በል። ዝምታው ይረዝምብሃል፤ አትሙላው። «ኳስ እኮ ነው»፣ «ቀልዴን ነበር»፣ «ካስቀየምኩህ» የምትል ነገር ከአፍህ አትውጣ። ማስቀየምህ የታወቀ ነው፣ «ካ» አያስፈልጋትም። ኦሲሜንንም አታንሳው፤ ምስኪኑ በቂ ተነስቷል።

የቲኬቱን ነገር እሱ መናገር ከጀመረ በኋላ ንገረው። እንደ ማመካኛ ሳይሆን፣ ያልነገርከው ነገር ስለሆነ። እሱ የሚደብቀውን አንተ አውጥተህበታል፤ አንተ የምትደብቀውን ደግሞ እሱ ቢያውቀው ጥሩ ነው። ምናልባትም ያቺን «ስንተኛዋ ነበረች» የምትለዋን ጥያቄ ከእኔ ይልቅ እሱ ቢጠይቅህ ይሻላል።

ኳስ ቤት ስለሳቁት ሰዎች ደግሞ አለ። ስድቡ ሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውም ሰው ፊት ይሁን የሚል ሰው ይኖራል። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። ነገሩን እንደገና ማንሳት ሊያሳፍረው ይችላል። ራሱን ጠይቀው፦ «እነሱ ፊት እንድናገር ትፈልጋለህ?» እሺ ካለ፣ ቀጣይ ስትገናኙ ጨዋታ ሳይጀመር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ንግግር አታድርገው። አይ ካለ፣ ያንን ቀልድ የሚደግም ሰው ሲመጣ አፉን የምታስዘጋው አንተ ትሆናለህ።

ስልክ ባያነሳስ? አንድ ቀን ደውለህ ካላነሳ አሥር ጊዜ አትደውል። ሳምንት ቆይተህ በአካል ሂድ። ያኔም እንቢ ካለህ፣ ከዚያ ምሽት ሰዎች መካከል ያልሳቀ ሰው እንደነበረ አስታውስ። አንድ አይጠፋም። ሽማግሌ ካስፈለገ እሱ ነው የሚሆነው።

«ምንም አይደለም፣ ተወው» ካለህ ደግሞ ተቀበለው፣ ግን ነገሩ እዚያው አልቋል ብለህ አታስብ። እንደዚህ ያለ ሰው ቶሎ «ተወው» ይላል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚተወው። በሚቀጥለው ሳምንት ቀለል ያለ ነገር ይዘህ ደውልለት። ቀጣዩን ትልቅ ጨዋታ የት እንደምታዩ ከአሁኑ ተነጋገሩ። አብራችሁ ስታዩ ያለ ቲኬት ግባ፤ ቢያንስ እሱ ያየውን ጨዋታ ታያለህ።

ከታረቃችሁ በኋላ እማዬ ጋ አብራችሁ ሂዱ። ሁለታችሁን አንድ ላይ ስታይ ገና በር ላይ ይገባታል። ዳቦው እስከዚያ ደርቆ ይሆናል፤ በሻይ እየነከርክ ትበላዋለህ።